ለቤት ስቱዲዮ የሚሆን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር)



ከብዙ ዓመት በፊት በዚሁ አዳራሽ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ የሌሎችን ንግግር እሰማ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከምሰማው ጊዜ የማንቀላፋው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ቢያንቀላፉ አልቀየማቸውም። በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ግን ምስጋናዬን በቅድሚያ አቀርባለሁ።

ባለፈው ወር የሙዚቃው ክበብ ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ወላጆች ለክበቡ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ ትምህርት ቤቱም ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጥቷል፤ ኮምፒዩተርም ተገኝቷል። የቀረው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ስለ ሆነ ‹‹የትኛውን እንግዛ?›› አሉኝ። ከመካከላቸውም ሁለቱ ለየራሳቸው በቤታቸው ለመግዛት የሚያስቡ ነበሩ። እኔም ‹‹ምን ልትቀዱበት ነው?›› ብዬ ብጠይቅ አንደኛው ፈጠን ብሎ ‹‹ሁሉንም!›› አለ። ይህች ‹‹ሁሉንም›› የምትባል ቃል እኔን በወጣትነቴ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ያሳጣችኝ ስለ ሆነች፤ የዚያን ዕለት መልስ ሳልሰጥ ሸኘኋቸው። መልሴ የዛሬው ንግግር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለወላጆች ልግለጽ፤ ልጆቹስ ያውቁታል። ማይክሮፎን የሰውን ወይም የመሣሪያን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ይህ ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚለካው በቮልት ሳይሆን በሚሊ ቮልት፤ ማለት በቮልት ሺኛ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ከቁጥር በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ደካማውን ኤሌክትሪክ የሚያበረታ፤ ያንንም ወደ ቁጥር የሚተረጉም፤ በኋላም ቁጥሩን መልሶ ወደ ድምፅ ለውጦ ለጆሯችን የሚያቀብል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የዚህ አስተርጓሚ ስሙ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው። በየስቱዲዮው የሚሠሩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ‹‹ሳውንድ ካርድ›› እያሉ ይጠሩታል። ለጀማሪ የሚሆነው ዓይነት መጠኑ ከአንድ መዝገበ ቃላት አይበልጥም።

ከዚህ ላይ ትልልቆቻችን የሚያስታውሱትን ነገር ልጨምር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ዘፈኑ ከተቀዳ በኋላ ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። አንድ ድምፃዊ ድምፁን በሸክላ ለማየት ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ አንድ ተማሪ በመኝታ ክፍሉ የቀዳውን በዚያው ማታ ለጓደኞቹ ያሰማል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የጥንቱ ስቱዲዮ ባለሙያ ያደርግልን የነበረውን ጥንቃቄ ሁሉ አሁን እኛው በራሳችን እንድናደርግ ተገደድን ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት የቤት ስቱዲዮ ለማቆም አሰብሁ። እናቴ የእቁብ ተራዋ ደርሶ ስለ ነበረ ግማሹን ሰጠችኝ። ወደ ሱቅ ሄጄ ካርቶኖቹን ሳገላብጥ ዐይኔን የሳበው ‹‹192›› የሚል ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፤ ብዙ መብራትና ብዙ መግቢያ ቀዳዳ ያለው መሣሪያ ነበር። ከአጠገቡ የነበረው አነስ ያለ ስለ ሆነ ናቅሁት። የገዛሁትን መሣሪያ ስም አልናገርም፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ሳይሆን ካርቶን አይቶ የገዛው ሰው ነውና።

የገዛሁበት ዋናው ምክንያት አያቴን ለመቅዳት ነበር። አያቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ እልፍኛቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲደረድሩ ከበር ውጭ ቆመን እንሰማ ነበር። በገናን የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው ድምፁ እንደ ክራር ጥርት ያለ አይደለም፤ ይነዝራል። ይህም ከእያንዳንዱ አውታር ሥር በምትገባው እንዚራ በምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ምክንያት ነው። አውታሩ በእንዚራዋ ላይ እየተንቀጠቀጠ ያንን የታወቀውን የመንዘር ድምፅ ይሰጣል። የበገና ድምፅ ደግሞ ጥልቅ ቢሆንም ጩኸት አይደለም፤ ደርዳሪውም የሚያዜመው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

በአንድ ማታ ላፕቶፔን፣ አዲሱን ኢንተርፌስና ከአንድ ጓደኛዬ የተዋስሁትን የመድረክ ማይክሮፎን ይዤ ሄድሁ። አያቴ ሁለት ሰዓት ያህል ደረደሩ። ድምፁ በጣም አነስ ብሎ ስለ ታየኝ ጌን የሚባለውን የማበርቻ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርሁት። ቤቴ ገብቼ ባዳምጠው በበገናው ላይ እንደ ዝናብ የሚወርድ ‹‹ሽሽሽ›› የሚል ድምፅ ተጋርዶበታል፤ ከዚያም ሥር ‹‹ኡምምም›› የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ አለ። አልደነገጥሁም። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሽሽታውን አጸዳዋለሁ ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ ሠራሁ። በእርግጥም ሽሽታው ጠፋ። በማግሥቱ በደስታ ሄጄ ለአያቴ አሰማኋቸው። ትንሽ ካዳመጡ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ‹‹ልጄ፤ በገናዬን ምን አደረግኸው?›› አሉኝ።

ነገሩ ይህ ነበር። የእንዚራው ንዝረት ለኮምፒዩተሩ ከሽሽታው ጋር ይመሳሰልበታል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሽሽታውን ሲጠርግ እንዚራውንም አብሮ ጠረገው። የቀረው ድምፅ የታመመ ክራር ይመስል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ማይክሮፎንና የተሻለ ኢንተርፌስ ይዤ ብሄድ የአያቴ ጣቶች አልታዘዝ ብለዋቸው ነበር። ስለዚህ ዛሬ በእጄ ያለው ያ ሽሽታ ያለበት ቀረጻ ብቻ ነው። እርሱንም ቢሆን ሳላጸዳ አስቀምጬዋለሁ።

እንግዲህ ‹‹192›› የሚለው ቁጥር ምን ጠቀመኝ? ምንም። ምክንያቱን ላስረዳ። ኢንተርፌሱ ድምፁን ወደ ቁጥር ሲለውጥ በየሰከንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ይይዛል። የወጣት ሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያህል ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይቀንሳል። ክሎድ ሻነን የተባለው የሂሳብና የመሐንዲስነት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፤ አንድን ንዝረት በሙሉ ለመያዝ ከእጥፉ በላይ ጊዜ መለካት ይበቃል። የ20,000 እጥፍ 40,000 ነው። ስለዚህ 44,100 ወይም ለፊልምና ለቪዲዮ የተለመደው 48,000 ለእኛ ሥራ ይበቃል። 192,000 የሚያመጣው ዋናው ልዩነት የፋይሉን ክብደት ነው። አንድ ሰዓት የሁለት ማይክሮፎን ቀረጻ በ48,000 እና በ24 ቢት 1 ጊጋባይት ያህል ሲሆን በ192,000 ግን ከ4 ጊጋባይት ይበልጣል።

ቢት የሚባለው ግን ሊታይ የሚገባው ነው። በ16 ቢት እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል፤ በ24 ቢት ግን ደረጃዎቹ ከ16 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ጥቅሙ ለጀማሪ ነው። ዘፋኙ በድንገት ጮኾ ድምፁ ከጣሪያው ቢያልፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውንም በደኅና የሚመልሰው ነገር የለም። በ24 ቢት ሲቀዳ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ በታች በ12 ዴሲቤል ገደማ እንዲሆን አድርጎ መቅዳት ይቻላል። በኋላ ከፍ ቢያደርጉት ጉዳት የለውም። ስለዚህ 24 ቢት መሆኑን አረጋግጡ፤ ከሚሸጡት አብዛኞቹ ናቸው፤ ሆኖም እንደ ቤሪንገር ዩ ኤም ሲ 22 ያሉ በጣም ርካሾቹ 16 ቢት ብቻ ናቸው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የማይጻፈው፤ እኔንም ያሳጣኝ፤ የጌኑ ነገር ነው። ጌን በዴሲቤል ይለካል። 20 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁን 10 ጊዜ፤ 40 ማለት 100 ጊዜ፤ 60 ማለት 1,000 ጊዜ ማባዛት ነው። ዳይናሚክ የሚባለው የመድረክ ማይክሮፎን ለጩኸት የተሠራ ስለ ሆነ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። ለምሳሌ በሬዲዮ ጣቢያዎች የታወቀው ሹር ኤስ ኤም 7 ቢ የተባለው ማይክሮፎን ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌን እንደሚፈልግ ሠሪው ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ማይክሮፎን ገዝቶ ጌኑ ከ50 ዴሲቤል ብዙ ከማያልፍ ኢንተርፌስ ጋር ማገናኘት ደካማ በሬ በድንጋያማ መሬት ላይ መጥመድ ነው።

ኮንደንሰር የሚባለው ማይክሮፎን ደግሞ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ጠንከር ያለ ነው፤ ለበገናም፣ ለዋሽንትም፣ በዝግታ ለሚነገር ተረትም የሚስማማው እርሱ ነው። ነገር ግን የራሱ ኀይል ስለሌለው ኢንተርፌሱ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል 48 ቮልት እንዲልክለት ይፈልጋል። ይህም ፋንተም ፓወር ይባላል፤ በመሣሪያው ላይም 48 ተብሎ የተጻፈበት ቁልፍ ይገኛል። ይህ ቁልፍ የሌለውን ኢንተርፌስ ማንም ለስቱዲዮ አይግዛ።

በመግለጫ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የማበርቻው የራሱ ሽሽታ ስንት እንደ ሆነ የሚናገር ቁጥር አለ፤ ‹‹ኢ አይ ኤን›› ተብሎ ይጻፋል። ከዜሮ በታች ወደ ታች በወረደ መጠን ይሻላል። በዛሬው ጊዜ ጥሩ የሚባሉት ከ−127 እስከ −129 ይደርሳሉ። ከዚያ ብዙ ዝቅ ማለት አይቻልም፤ የተፈጥሮ ነገር ነው። በሽቦ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ዘወትር ስለሚንቀጠቀጡ፤ ለተለመደ ማይክሮፎን የመጨረሻው ወለል −131 ገደማ ነው። ፊዚክስ የሚያስተምሩት መምህራችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያስረዷችሁ ከእኔ ይሻላሉ።

ስንት መግቢያ ያስፈልጋል? የክበቡ ልጆች ስምንት ያለውን ተመኝተው ነበር። እኔ የምላችሁ፤ ባንድ ጊዜ የሚሰሙትን ብቻ ቁጠሩ። ክራር እየመታ የሚዘፍን ልጅ ሁለት ነው፤ አንዱ ለአፉ፣ አንዱ ለክራሩ። ክራሩ ኤሌክትሪክ ከሆነ የጊታር ምልክት ባለበት መግቢያ በገመድ መሰካት አለበት፤ በማይክሮፎኑ አሠራር ከተሰካ ድምፁ ይደበዝዛል። የትምህርት ቤቱ መዘምራን ሠላሳ ቢሆኑም በሁለት ኮንደንሰር ማይክሮፎን ከፊታቸው ቆሞ መቅዳት ይቻላል፤ ለሠላሳ አፍ ሠላሳ ማይክሮፎን አይገዛም። ሌላው ሁሉ፤ ከበሮው፣ ማሲንቆው፣ ጭብጨባው፤ አንዱ ከተቀዳ በኋላ በላዩ ላይ እየተደረበ ሊቀዳ ይችላል። አራት ወይም ስምንት መግቢያ የሚያስፈልገው ሙሉ ባንድ ባንድ ላይ ሲጫወት ብቻ ነው።

ስለ መደረብ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዘፋኙ ማዳመጫ አድርጎ ሲዘፍን ድምፁ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ ተመልሶ እስኪሰማው ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ 1,024 ልኬት እንዲይዝ ከተደረገ በ48,000 ሲቀዳ መግባቱ ብቻ 21 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ መውጫው ሲጨመር ከ42 ያልፋል። ይህም ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ከ14 ሜትር ርቀት እንደሚሰማ ያህል ነው። እንዲህ ሆኖ ማንም በምት ሊዘፍን አይችልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚያቀብል ‹‹ዳይሬክት ሞኒተር›› የሚባል ቁልፍ ያለውን ምረጡ። ዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላላቸውም ፋብሪካው የራሱን አሲዮ ድራይቨር የሚያዘጋጅለት መሆኑን ጠይቁ።

ያ ‹‹ኡምምም›› የሚለው ድምፅ ከየት መጣ? ከመብራት ኀይሉ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ምልልስ በላፕቶፑ ቻርጀር በኩል ሾልኮ ወደ ቀረጻው ይገባል። የዚያን ማታ ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ብቻ ብሠራ ኖሮ ግማሹ ችግር ይወገድ ነበር። በዚህ ምክንያት በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከላፕቶፑ ኀይል የሚወስደውን ትንሽ ኢንተርፌስ እመርጣለሁ። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቋረጥም፤ እንዲያውም ሰፈሩ ጸጥ ስለሚል በጣም ጥሩ ቀረጻ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ትልልቆቹና ብዙ መግቢያ ያላቸው፤ ለምሳሌ ቤሪንገር ዩ ኤም ሲ 404 ኤች ዲ፤ የራሳቸውን አዳፕተር ስለሚፈልጉ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

አንዲት እናት ሲገቡ ‹‹ስልኩ ይቀዳ የለም ወይ? ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?›› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ስልክ ይቀዳል፤ ለማስታወሻም ይበቃል። ነገር ግን ስልኩ ብዙ ጊዜ ድምፁ ሲደክም በራሱ ከፍ ያደርጋል፤ ሲጠነክር በራሱ ይጫናል። ስለዚህ ደርዳሪው ሆን ብሎ ዝቅ ያደረገውና ከፍ ያደረገው እኩል ሆኖ ይሰማል። ይህ ለንግግር ባይጎዳም ለዜማ ጉዳት ነው። ሆኖም ገንዘብ እስኪጠራቀም አያትዎ ተረት ሲያወሩ በስልክ ከመቅዳት አትቦዝኑ እላለሁ፤ እኔ መሣሪያ ስመርጥ የዘገየሁበትን ጊዜ አውቀዋለሁና።

እንግዲህ ለክበቡ የምመክረው ሁለት የማይክሮፎን መግቢያ ያለውን ነው። ከእነዚህም ፎከስራይት ስካርሌት 2 አይ 2 በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ጌኑ 56 ዴሲቤል ሲሆን በ2023 የወጣው አራተኛው ትውልድ 69 ዴሲቤል ይደርሳል። ስለዚህ አሮጌ ሲገዛ ‹‹ስካርሌት ነው›› መባሉ አይበቃም፤ የትኛው ትውልድ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሞቱ ኤም 2 ደግሞ በፊቱ ላይ የድምፁን ከፍታ የሚያሳይ ጥሩ መስኮት አለው፤ ለማስተማር ይመቻል። ገንዘቡ ካነሰ ቤሪንገር ዩ ኤም ሲ 202 ኤች ዲ ሁለት መግቢያና 24 ቢት ስላለው አያሳፍርም፤ ከዳይናሚክ ይልቅ ከኮንደንሰር ማይክሮፎን ጋር ይሁን እንጂ። በቤቱ ብቻውን ግጥም ለሚያነብ ወይም ለሚዘፍን ልጅ አንድ የማይክሮፎን መግቢያ ያለው ስካርሌት ሶሎ ይበቃዋል።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕና ኮንደንሰር ማይክሮፎን ይዛችሁ ሂዱ። 48 ቮልቱን አብርታችሁ በሁለቱም መግቢያ ማይክሮፎኑ መሥራቱን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ስታዞሩ እንደሚቃጠል እንጨት ተንጣጥቶ እንደ ሆነ በማዳመጫ ስሙ፤ የዩ ኤስ ቢውን ገመድ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። ሻጩ ‹‹አምናችሁ ውሰዱ›› ካለ አትውሰዱ።

ከገንዘቡም ቢያንስ እኩሌታውን ለማይክሮፎን፣ ለማቆሚያው፣ ለገመድና ለማዳመጫ አስቀምጡ። ስለ ክፍሏ ደግሞ አንድ ቃል፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለ ሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ የትኛውም ኢንተርፌስ አያድናችሁም፤ ጠዋት ጠዋት ቅዱ። በግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስና አሮጌ ፍራሽ ብትሰቅሉ ድምፁ አይንጫጫም። ወላጆች በዚህ ረገድ ከቤታቸው ሊረዱ የሚችሉ ይመስለኛል።

ንግግሬን ከዚህ ላይ አቆማለሁ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኢንተርፌስ አምጥቻለሁ፤ አንደኛው ያ በእናቴ እቁብ የገዛሁት ሲሆን ሁለተኛው ዛሬ የምሠራበት ነው። በሁለቱም ጌናቸውን እስከ መጨረሻው አዙረን፤ ማንም ሳይናገር፤ ባዶውን ጸጥታ እንቀዳለን፤ ከዚያም በድምፅ ማጉያው እናሰማለን። የክበቡ ልጆች ክራሩን ይዛችሁ ወደፊት ኑ። በኋላ ወንበር ያላችሁትም ንቁ፤ ለጥቂት ደቂቃ ወንበራችሁን እንዳታንቀሳቅሱ እለምናችኋለሁ።